የቪየናው ትሪጋ ሪአክተር ኮርስ፦ ሰው ሁሉ ፐልሱን ይቀርጻል፣ እኔ ስቶፕዋቹን ነው የምላችሁ

ፊዚክስ የምትማሩ ልጆች ይሄ ኮርስ እንዴት ነው እያላችሁ ደጋግማችሁ ስለምትጠይቁኝ ባንዴ ልጻፈው። ቪየና ፕራተር አካባቢ ያለው አቶምኢንስቲቱት (የቴክኒክ ዩኒቨርሲቲው ነው) ውስጥ የሪአክተር ፊዚክስና ኪኔቲክስ (የሪአክተሩ ኃይል ከጊዜ ጋር እንዴት እንደሚለዋወጥ ማለት ነው) የተግባር ኮርስ አለ። የኑክሌር ሪአክተሩ ትሪጋ ማርክ 2 ነው፣ በፈረንጆቹ ከ1962 ጀምሮ የሚሰራ፣ 250 ኪሎዋት፣ መብራት አያመነጭም፣ ለትምህርትና ለምርምር ነው።

ሰው የሚጓጓው ለፐልሱ ነው፣ አልፈርድም። አንዱን ሮድ (ኒውትሮን የሚውጥ መቆጣጠሪያ ዘንግ) በአየር ግፊት ወደ ላይ ያስወነጭፉታል፣ ኃይሉ እስከ 250 ሜጋዋት ይተኮሳል፣ ውሃው ውስጥ ሰማያዊ ብርሃን ቦግ ይላል፣ 40 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው በቃ አለቀ። ደሞ የሚያቆመው ኦፕሬተሩ አይደለም ነዳጁ ራሱ ነው፣ ዩራኒየሙ ከዚርኮኒየም ሃይድራይድ ጋር ስለተሰራ ሲግል ሃይድሮጂኑ ኒውትሮኖቹን ማዘግየት ትቶ ጭራሽ ጉልበት ይጨምርላቸዋል፣ እንደዛ የፈጠነ ኒውትሮን ደግሞ ፊሽን (የአቶም መሰንጠቅ) የማስነሳት ዕድሉ ይቀንሳል። ቆንጆ ነው፣ ግን ገና አይናችሁን ሳትገልጡ ስለሚያልፍ ብዙም አያስተምርም።

እኔ ኪኔቲክስ የገባኝ ያ ሁሉ ሰው በሚሰላችበት ልምምድ ነው። ሮዱን ትንሽ ከፍ ታደርጉና ኃይሉ እጥፍ እስኪሆን በስቶፕዋች ትለካላችሁ፣ የለካችሁትን ጊዜ በ1.44 ስታባዙት ፔሬዱ (ኃይሉ በ2.7 እጥፍ ገደማ የሚለወጥበት ጊዜ) ይመጣል፣ ከፔሬዱ ደግሞ ሮዱ ስንት ሳንቲም ሪአክቲቪቲ (ሪአክተሩ ኃይሉ ሳይለወጥ ከሚሰራበት ልክ ምን ያህል እንደራቀ) እንደሰጠ ታሰላላችሁ (አዎ በዶላርና በሳንቲም ነው የሚለካው፣ 1 ዶላር ማለት ሪአክተሩ ዘግይተው የሚወጡትን ኒውትሮኖች ሳይጠብቅ ራሱን የሚያስቀጥልበት ልክ ነው፣ ፐልሱ ከ1 ዶላር በላይ ሲሰጠው ነው)። እጥፍ ለመሆን ሰከንዶች መፍጀቱ በራሱ ተአምር ነው እኮ! ዩራኒየም 235 ላይ ከ1000 ኒውትሮን 6 ወይ 7ቱ ብቻ ናቸው ዘግይተው የሚወጡት፣ እነሱ ባይኖሩ ሪአክተርን በሰው እጅ መቆጣጠር የሚባል ነገር አይኖርም ነበር።

ሮዱን ባንዴ ወደ ውስጥ ጥሎ ሪአክተሩን የማጥፋቱ ልምምድ ደግሞ በጣም ተመቸኝ። ኃይሉ ባንዴ ዜሮ ይገባል ብላችሁ ስትጠብቁ ግራፉ መጀመሪያ ቁልቁል ይወድቅና ከዛ መንቀርፈፍ ይጀምራል፣ መጨረሻ ላይ የፈለጋችሁትን ያህል ሮድ ብትከቱ በ80 ሰከንድ ፔሬድ ነው የሚወርደው፣ ብሮሚን 87 (ከሁሉም ዘግይተው የሚወጡት ኒውትሮኖች የሚመጡበት የፊሽን ውጤት) ግማሽ ዕድሜው 55 ሰከንድ ምናምን ስለሆነ እሱን ማስቸኮል አይቻልም።

ኖይዝ፣ ሮሲ አልፋ ምናምን (ከኒውትሮን ቆጠራው መዋዠቅ ተነስቶ ሪአክተሩን ማጥናት) ላይ መስራት ለምትፈልጉ ግን ሎዛን ያለው ክሮከስ ወይ ፕራግ ያለው ቪአር 1 የሚባሉት ሪአክተሮች ይሻላሉ ባይ ነኝ፣ ክሮከስ ጣሪያው 100 ዋት ስለሆነ ነዳጁ ሞቆ ልኬቱን አይረብሽባችሁም።

ከ5 ብትሉኝ 4.5 እሰጠዋለሁ። የምትሄዱ ከሆነ የኢንአወር እኩልታን (ፔሬዱን ወደ ሪአክቲቪቲ የሚቀይረውን ፎርሙላ) ቤት ሰርታችሁ ሂዱ፣ ኃይሉ እየጨመረ እያያችሁ ፎርሙላ መፈለግ ያስጨንቃል።