ቢሉንድ ሚኒላንድ፦ ቆሞ ሳይሆን ቁጢጥ ብሎ የሚታይ

ዴንማርክ ቢሉንድ ከተማ ያለው የሌጎላንድ መዝናኛ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1968 ሲከፈት ዋናው መስህቡ ሚኒላንድ ነበር፦ በሌጎ የፕላስቲክ መጫወቻ ጡቦች የተሠሩ የከተሞችና የሕንፃዎች ትንንሽ ሞዴሎች የሚታዩበት ክፍል። ዛሬ አብዛኛው ጎብኚ በሩን እንዳለፈ ወደ መጫወቻዎቹ ይሮጥና ሚኒላንድን ማታ ደክሞት ሲመለስ ገልመጥ አድርጎ ያልፈዋል። የትኬቱን ዋጋ የሚያወጣው ግን ይኸው ክፍል ነው፤ ጠዋት፣ ከሁሉም በፊት ይታይ። ፀሐይ ከጎን ስትመታው የጡቦቹ መጋጠሚያ ጎልቶ ይወጣል። እኩለ ቀን ላይ ሁሉም ጠፍጣፋ ይመስላል፣ በዚያ ላይ አጥሩ ዙሪያውን ሰው ነው።

አብዛኛው ሞዴል ከእውነተኛው 20 ጊዜ ያነሰ ነው፤ የ2 ሜትር በር 10 ሴንቲሜትር ይሆናል። 4 ሴንቲሜትር ገደማ የሆነው የተለመደው የሌጎ ሰው እዚህ ሕፃን ስለሚመስል ሰዎቹም ራሳቸው ከጡብ የተገጣጠሙ ናቸው። ፊታቸው ላይ የተሳለ ዓይን የለም። የቸኮለውን ከሰነፈው የሚለየው የትከሻውና የእግሩ አቀማመጥ ነው፤ በኮፐንሃገኑ የኒሃቭን ወደብ ሞዴል ዳር የቆሙትን አንድ በአንድ ማየት ብቻውን ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። ለዚህ ግን ቁጢጥ ማለት ግድ ነው፤ ቆሞ ለሚያይ ሰው የሚተርፈው ጣሪያ ብቻ ነው። ፎቶ የሚያነሳም ካሜራውን ወደ መንገዱ ወለል ያውርደው።

አንድ ጡብ ከላዩ ያለው ጉብታ ሳይቆጠር 9.6 ሚሊሜትር ከፍታ አለው። በ1 ለ20 ልኬት ሲሰላ በእውነተኛው ሕንፃ 19 ሴንቲሜትር ያህል ግድግዳ መሆኑ ነው፤ ቅስትና ጉልላት ደረጃ ደረጃ እየሆኑ የሚወጡት ለዚህ ነው። ጎበዝ ሠሪ ጡቡን በጎኑ አዙሮ ይህን ይደብቃል። የቱ ጋ እንደደበቀው መፈለግ ከጉብኝቱ ደስታ አንዱ ነው።

ድክመቱ የሚመጣው ከአየሩ ነው። ጡቦቹ በሙጫ ተጣብቀዋል፤ ትልልቆቹ ሞዴሎች በውስጣቸው የብረት አፅም አላቸው። ይህ ነፋስን ይከላከላል፣ ፀሐይን ግን አይችልም። ነጩ ፕላስቲክ ወደ ቢጫ ያደላል፣ ሌላውም ይደበዝዛል። ሙጫ ስላለው አንዲት ጡብ ነቅሎ መተካት አስቸጋሪ ነው፤ ስለዚህ የታደሰው ክፍል እንደ እራፊ ደምቆ ይታያል። ጥላ በበዛበት በኩል የድንጋይ ሽበትና የሸረሪት ድር አይጠፋም። በሞዴሎቹ መሃል ትንንሽ መኪናዎች በሚሄዱበት መንገድ ላይ ቅጠል ወይም ጠጠር ከገባ አንዱ መኪና ይቆምና ሌሎቹም ከኋላው ይደረደራሉ። ሞዴል የሚያንቀሳቅስ ቁልፍ ተጭነው ምንም ካልተንቀሳቀሰ ደጋግመው አይጫኑ፤ ቀደም ሲል የተጫነው ዙሩን እየጨረሰ ሊሆን ይችላል።

ዱባይ ያለው ሚኒላንድ በአዳራሽ ውስጥ ስለሆነ ከዚህ ጣጣ ነፃ ነው። እዚያ የቡርጅ ኸሊፋ ሰማይ ጠቀስ ሕንፃ ሞዴል 17 ሜትር ይረዝማል። እውነተኛው 828 ሜትር ስለሆነ በ1 ለ20 ቢሠራ ከ41 ሜትር ያልፍ ነበር፤ ጣሪያ የሚችለው አይደለም። ቀለሙ ከቢሉንድ ይልቅ ያምራል። ቢሉንድ የሚበልጠው በሕይወት ባላቸው ዛፎቹ ነው፦ ቅጠላቸው ደቃቅ የሆኑ፣ ሞዴሉን እንዳይውጡት በየጊዜው የሚከረከሙ። በዴንማርክ የብርድ ወራት የቢሉንዱ ፓርክ በአብዛኛዎቹ ቀናት ስለሚዘጋ የመክፈቻ ቀኑን ሳያዩ የአውሮፕላን ትኬት አይቁረጡ።