«ለማንኛውም እጅ ይሆናል» የሚባለውን የሽጉጥ እጀታ እንዳትገዙ

በደብረ ብርሃን፣ በደብረ ሲናና በሸዋ ሮቢት አካባቢ ሕጋዊ ፈቃድ ያለው ሽጉጥ የያዛችሁ ሁሉ፣ ይህን ሳታነቡ አትለፉ። ሰሞኑን አንድ ሻጭ በቴሌግራም የሽጉጥ እጀታ ልባስ እየሸጠ ነው። እጀታው ላይ የሚለበስ ላስቲክም፣ በእጀታው ፈንታ የሚገጠም እንጨትም አለው። «ለማንኛውም ሽጉጥ፣ ለማንኛውም እጅ ይሆናል፤ ይህን ካለበሳችሁ ኢላማ አትስቱም» ይላል። ቀብዱን በቴሌብር ይቀበልና ዕቃውን በሚኒባስ ይልካል። እባካችሁ ገንዘባችሁን እንዳትሰጡት።

ተኩስ በማሠልጠን ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። የእጀታ ልክ ኢላማ ላይ ለውጥ ያመጣል የሚለው እውነት ነው። ሻጩም ሰው የሚያሳምነው በዚህችው እውነት ነው። ግን የሚሸጠው ዕቃ የብዙዎቻችሁን ተኩስ ያበላሻል እንጂ አያሻሽልም።

ሽጉጥ አጭር መሣሪያ ነው። በኋላኛውና በፊተኛው ማነጣጠሪያ መካከል ያለው ርቀት ማካሮቭ በሚባለው የሩሲያ ሽጉጥ 130 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ ቃታውን ስትስቡ የፊቱ ማነጣጠሪያ 1 ሚሊ ሜትር ብቻ ወደ ጎን ቢል፣ 25 ሜትር ላይ ጥይቱ 19 ሳንቲ ሜትር ያህል ይስታል። 10 ሜትር ላይ እንኳ ወደ 8 ሳንቲ ሜትር ይጠጋል። ይህቺን 1 ሚሊ ሜትር አብዛኛውን ጊዜ የምታመጣት ጣት ናት። ዓይን ያለ ጥፋቱ ነው የሚወቀሰው።

ጣት ቃታው ላይ ማረፍ ያለበት በጫፉና በመጀመሪያው አንጓ መካከል ባለው ሥጋ ነው። እጀታው ከእጃችሁ በላይ ሲወፍር ጣታችሁ በደንብ አይደርስም፤ ቃታውን በጫፉ ብቻ ይነካዋል። ያን ጊዜ ቀጥ ብሎ ወደ ኋላ መሳቡ ቀርቶ ወደ ጎን ይገፋዋል። ቀኝ እጁን ለሚጠቀም ሰው ጥይቱ ወደ ግራ ያደላበታል። ጣቱን ለማድረስ ብሎ መዳፉን በእጀታው ዙሪያ ካዞረ ደግሞ የባሰ ነው። አፈሙዙና ክንዱ በአንድ መስመር መሆናቸው ይቀራል። ሽጉጡ ሲራገጥ ዱላው የሚያርፈው አውራ ጣት ሥር ስለሚሆን ሁለተኛው ጥይት ከመጀመሪያው የባሰ ይርቃል። እጀታው ሲቀጥንም ችግር አለው፤ ጣት አልፎ ይገባና ወደ ቀኝ ይስባል። ትልቅ እጅ ላለው ሰው ትንሽ ማወፈር ሊጠቅመው ይችላል። ግን እሱም የሚጠቀመው ከእጁ ጋር ተለክቶ ሲሠራለት እንጂ «ለማንኛውም እጅ» በተባለ ላስቲክ አይደለም። በልክ ያልሆነ እጀታ የሰው ጫማ አድርጎ እንደ መሮጥ ነው።

ማካሮቭ ላይ ሌላም ነገር አለ። መዶሻው ሳይነሳ የመጀመሪያው ጥይት ሲተኮስ ቃታው ወደ ፊት ርቆ ነው የሚገኘው። ትንሽ እጅ ያለው ሰው ያለ ምንም ልባስም በግድ ነው የሚደርስበት። በዚያ ላይ ላስቲክ ሲጨመር አስቡት።

ጎረቤቴ የጥበቃ ሠራተኛ ነው። ጣቶቹ አጫጭር ናቸው። ይህን ላስቲክ በ2,500 ብር ገዝቶ ልምምድ ሜዳ ላይ ይዞት መጣ። ጥይቶቹ ተያይዘው ወደ ግራ ሄዱ። እኔን ያስደነገጠኝ ግን እሱ አልነበረም። ተኩሱን ጨርሶ ጥይቱ የሚሞላበትን ካዝና ለማውጣት ሲሞክር እምቢ አለው። የማካሮቭ የካዝና መያዣ ያለው ከእጀታው ግርጌ፣ ከኋላ በኩል ነው። የላስቲኩ ከንፈር ወደ ታች ተንሸራቶ ሸፍኖታል። ሰውዬው በሁለት አውራ ጣቱ እየታገለ አፈሙዙ አንዴ ወደ መሬት፣ አንዴ ወደ እኛ ይዞራል። ቶሎ ብዬ እጁን ያዝኩት። ካዝና ማውጣት ያቃተው ሰው እኮ ሽጉጡን ባዶ ማድረግ አልቻለም ማለት ነው። ቤት ውስጥ ልጆች አጠገብ ቢሆንስ?

ላስቲኩ የተጣበቀበት ማስቲሽም አይረባም። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ በኅዳር ውርጭ ላስቲኩ ድርቅ ብሎ ይቆማል። ጣርማ በርን አልፋችሁ ሸዋ ሮቢት ስትወርዱ ሙቀትና ላብ ይጠብቃችኋል። ያኔ ማስቲሹ ይለሰልስና ልባሱ እጃችሁ ውስጥ ይሽከረከራል። በየተኩሱ አያያዛችሁ ከተለወጠ ደግሞ ዓይናችሁ የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን አይረዳችሁም።

የእንጨቱ «የወይራ ነው» ተብሎ ነው የሚሸጠው። አንዱን በእጄ ይዤ አይቼዋለሁ። በመሣሪያ ዘይት በራሰ ጨርቅ ሳሸው ጥቁር ቡናማው ቀለም ጨርቁ ላይ ቀረ፤ ሽታው የጫማ ቀለም ነው። ከሥሩ የወጣው ነጣ ያለ ለስላሳ እንጨት ነው። የማካሮቭ እጀታ ወጥ ሆኖ ከኋላ በአንድ ብሎን ብቻ ነው የሚታሰረው። ጫናው ሁሉ ያለው እዚያች ቀዳዳ ላይ ነው። ይኼኛው ገና ብሎኑ ሲጠብቅ ከቀዳዳው ጀምሮ ተሰንጥቋል።

ማስታወቂያው ላይ ያለው ፎቶ እንዳያታልላችሁ። እሱ የኦሊምፒክ የአየር ሽጉጥ እጀታ ነው። ከሥሩ መዳፍ የሚያርፍበት ተስተካካይ መደገፊያ አለው፤ ለተኳሹ እጅ ተለክቶ ይስተካከላል። በዚያ ውድድር በ10 ሜትር ርቀት ላይ ያለችው የ10 ነጥብ ክብ 11.5 ሚሊ ሜትር ብቻ ናት፤ ተኳሹ የሚተኩሰው በአንድ እጅ ነው፣ ርግጫውም የለም ማለት ይቻላል። የምትላክላችሁ ላስቲክ ከዚያ ጋር ምንም አያገናኛትም።

ግሎክ ለሚባለው ሽጉጥ «የግሎክ የጀርባ መቀያየሪያ»፣ ማለትም የእጀታውን የኋላ ክፍል የሚለውጥ ዕቃ፣ የሚለውም አለ። ግሎክ የሚቀያየር ጀርባ ይዞ የመጣው በ2010 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ በአራተኛው ትውልድ ነው። የሦስተኛው ትውልድ ሽጉጥ ላይ የሚገጠምበት ቦታ ራሱ የለም። ሻጩ ግን የትኛው እንዳላችሁ እንኳ አይጠይቅም።

ከሁሉም የከፋው ይኼ ነው፦ ላስቲኩ አልሆነኝም ብሎ ለሚደውል ሰው «ሽጉጡን ላክልን፣ ጠርበን እናስተካክልልሃለን» ይላል። በፍጹም እንዳታደርጉት! በጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ፈቃዱ የተሰጠው ለእናንተ ነው። መሣሪያን ለሌላ ሰው አሳልፎ መስጠት ያስጠይቃል። ጠፍቶ ወንጀል ቢሠራበት መጀመሪያ የሚጠራው ማን ይመስላችኋል?

እጀታው ልካችሁ መሆኑን ያለ አንድ ብርም ማወቅ ትችላላችሁ። አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት አቅጣጫ አዙራችሁ መጀመሪያ ካዝናውን አውጡ። ቀጥሎ ስበላውን (ከላይ ወደ ኋላ የሚሳበውን የሽጉጡን ክፍል) ስባችሁ ጥይት አለመቅረቱን በዓይናችሁም በጣታችሁም አረጋግጡ። አቅጣጫውን ሳትለውጡ፣ በአውራ ጣትና በጠቋሚ ጣት መካከል ያለውን ሥጋ ከጀርባው በላይኛው ጫፍ አጣብቃችሁ ያዙት። አፈሙዙ ከክንዳችሁ ጋር ቀጥ ካለና የጣታችሁ ሥጋ ሳይንጠራራ ቃታው ላይ ካረፈ፣ ምንም አትጨምሩበት። ጣታችሁ ካልደረሰ የሚያስፈልጋችሁ ቀጠን ያለ እጀታ ነው። ልባስ ደግሞ ቀጭን አያደርግም። አያያዛችሁን ሜዳ ላይ አሠልጣኝ ቢያይላችሁ ከማንኛውም ላስቲክ ይበልጣል።

አስቀድማችሁ የገዛችሁ ካላችሁ ዛሬውኑ አውልቁት። ሽጉጡን ባዶ አድርጋችሁ የማስቲሹን ቅሪት በጨርቅ ጥረጉት፤ በተለይ የካዝና መያዣው አካባቢ እንዳይቀር። ከዚያ ባዶውን ካዝና ደጋግማችሁ አስገቡና አውጡ፤ ሳይታገል ከወጣ ደህና ነው። የቴሌብር መልእክቱንና የቴሌግራም ምልልሱን እንዳታጠፉ። ሻጩ ደረሰኝ አይሰጥም፤ ስለዚህ ያላችሁ ማስረጃ እሱ ብቻ ነው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የተሸጠለት ሰው እንዲተካለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። ሳትቆዩ ላስቲኩንም እንጨቱንም ይዛችሁ የከተማችሁ ንግድ ጽሕፈት ቤት ሂዱ። ሽጉጡን ግን ቤት ቆልፉበት።