ለአማኑኤል ሆስፒታሏ ሲስተር፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ

የአባዬ አርባ ትናንት ወጣ። ለቅሶ ለደረሳችሁን ሁሉ እግዚአብሔር ይስጥልን፣ ብድራችሁን በደስታ ይመልስልን። ይህን የምጽፈው ግን አማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታል ያለች አንዲት ሲስተርን ለማመስገን ነው። ስሜን እንዳትጽፊ ስላለችኝ አልጽፍም።

የሰፈራችን ሰው ያውቃል፣ አባዬ አረቄ ይጠጣ ነበር። ጠዋት ሳይቀምስ የሸሚዙን ቁልፍ መቆለፍ ያቅተው ነበር። አምና ሁዳዴ ሲገባ "በቃኝ" ብሎ ምሎ በአንዴ ተወው። እልል አልን። በ3ኛው ቀን ግን ግድግዳው ላይ ጉንዳን ይርመሰመስበት ጀመር፤ ከዚያ አንዘፍዝፎ ጣለው።

መጀመሪያ የወሰድንበት ክሊኒክ "ድካም ነው" ብሎ፣ ግሉኮስ ሰቅሎ፣ ኪሳችንን አራግፎ ወደ ቤት መለሰን። ሁለተኛው ቦታ ካርድ እንኳን ሳያወጡልን ዘበኛው ሳይቀር "ይሄ ሰካራም" እያለ ሳቀበት። ሰካራምስ ቢሆን የሰው አባት አይደለም? እስከ ዛሬ ያቃጥለኛል። ዘመድ ደግሞ "ጋኔን ነው፣ ጠበል ውሰዱት" ይላል። በጠበል አምናለሁ፤ ያን ሌሊት ግን ሰውዬው እጃችን ላይ ሊሞት ነበር።

አማኑኤል ስንደርስ እናቴ "አብዷል ይሉናል" ብላ በሩ ላይ ቆማ አለቀሰች። ያቺ ሲስተር ገና እንዳየችው "መጨረሻ የጠጡት መቼ ነው?" አለች። እስከዚያ ድረስ ይህን የጠየቀን አንድ ሰው አልነበረም! ዓመታት ሲጠጣ የኖረ ሰው በአንዴ ሲያቆም ሊሞት እንደሚችል የሰማሁት ከእሷ ነው። ከዶክተሩ ጋር ስለ መርፌ ስለ ቫይታሚን ተነጋገሩ፤ "ከግሉኮሱ በፊት ቫይታሚኑ ይቅደም" ስትል ሰምቻለሁ፣ ለምን እንደሆነ ግን እንጃ።

እኔ የማልረሳው ሻዩን ነው። አባዬ ሲሻለው ሻይ አማረው። እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ክፍሉን ጠያቂ ሞልቶታል። ሲስተሯ ግማሽ ብርጭቆ ብቻ ቀድታ ሰጠችው፣ እንዳይፈስበት። ሲጨርስ ሌላ ግማሽ። ምንም አልተናገረችም። እሱ ግን ገብቶታል፤ ቤት ከገባ በኋላ ለመጣው እንግዳ ሁሉ ሲያወራው ነበር።

ከዚያ ወዲያ ጠብታ አልቀመሰም። ክትትሉንም አላቋረጠም። የእህቴ ሰርግ ላይ ጠጅ በሚቀዳበት መሃል ብርዙን ይዞ ሲጨፍር ያያችሁት ታስታውሳላችሁ። ጉበቱ ግን ቀድሞ ተጎድቶ ኖሯል፣ እሱን የሚመልስ አልተገኘም። ሊያርፍ ሲል በሙሉ ልቡናው ሆኖ ሁላችንንም በየስማችን ጠርቶ መረቀን። ይህን ያገኘነው በእሷ ነው።

ቤታችሁ ጠጪ ካለ እባካችሁ አማኑኤል ውሰዱት። ስሙን አትፍሩ። በራሱ በድንገት እንዲተው አታስገድዱት፣ መጀመሪያ ሐኪም ይየው። ወረፋ አለ፣ በጠዋት ሂዱ። ደግሜ እላለሁ፣ ሂዱ!

ሲስተርዬ፣ እናቴ ድፎ ዳቦ ጋግራ ልትመጣ ነው። እምቢ እንዳትዪያት።