ሻጩ «ምንም አይፈልግም» ያለኝ ትራምፔት፦ ከ7 ወር በኋላ

«ጋሼ፣ ይሄ ዕቃ ምንም አይፈልግም። መንፋት ብቻ ነው።»

አዲስ አበባ ላይ 24,000 ብር ቆጥሬ ስሰጠው ሻጩ ያለኝ ይህንን ነው። ከዚያ ወዲህ 7 ወር ሙሉ ከዚህ ልጅ ጋር በሆዴ ስከራከር ነው የከረምኩት። እሱ ሱቁ ውስጥ ተቀምጦ ሻዩን ይጠጣል። እኔ ጅማ ቁጭ ብዬ ሁለተኛውን ፒስተን (በጣት የሚጫኑትን ቁልፍ) በጥፍሬ ወደ ላይ እጎትታለሁ።

በልጅነቴ የቀበሌ ኪነት ውስጥ ትራምፔት ነፍቻለሁ። ከዚያ ኑሮ መጣ፣ ልጆች መጡ፣ ከ30 ዓመት በላይ ከንፈሬ ማውዝፒስ ሳይነካ ቀረ። ዘንድሮ ጨከንኩና ገዛሁ። ቻይና ሠራሽ ነው፣ በሲ ቤሞል የተቃኘ፣ ከለስላሳ ቦርሳ ጋር። ከጅማ ነው የመጣሁት ስለው ሻጩ «የሙላቱ አስታጥቄ አገር!» ብሎ ሊያቅፈኝ ደረሰ። ሙላቱ ጅማ መወለዱ እውነት ነው። ስሙ የገነነው ግን በቫይብራፎን ነው። ቫይብራፎን ደግሞ በዱላ የሚመታ ነው፣ ፒስተን የለውም። ይህን ያኔ ብመልስለት ምን ነበረበት!

ድምፁ አያሳፍርም። ቀለሙም አልተላጠም። ስለ ደህናው ነገር ይበቃል።

አሁን ወደ ሁለተኛው ፒስተን። ለማያውቅ ሰው፣ ትራምፔት 3 ፒስተን አለው። ሁለተኛውን ስትጫነው ድምፁ ግማሽ ቶን ይወርዳል፣ አንደኛው ሙሉ ቶን ያወርዳል፣ ሦስተኛው አንድ ተኩል። ስትለቀው ሞላው ገፍቶ ይመልሰዋል። የእኔ ሁለተኛ ፒስተን ግን ከወረደ ወረደ ነው። ትዝታ ልጫወት ብዬ ከዶ እጀምራለሁ፦ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ። ሚ በአንደኛውና በሁለተኛው ነው የሚያዘው። ሶል ባዶ ነው፣ ምንም አትጫንም። ከሚ ወደ ሶል ልሻገር ስል አንደኛው ብድግ ይላል፣ ሁለተኛው እዚያው ተኝቶ ይቀራል። ሶሉ ግማሽ ቶን ወርዶ ይወጣል። ላ ላይ ደግሞ እንደገና ያው ሁለተኛው ይፈለጋል። ከአምስት ድምፅ ሁለቱ በእሱ እጅ ናቸው!

አንድ ቀን ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ያንን የወረደ ሶል ደጋግሜ ስነፋ ጎረቤታችን እማማ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው በሬ ላይ ደረሱ።

«ማን አረፈ ልጄ?»

የእድር ጡሩምባ መስሏቸው ነው።

«ማንም አላረፈም እማማ፣ እኔ ነኝ።»

«ታዲያ ምን ሆነህ ነው የምታለቅሰው?»

ፒስተን ያለ ዘይት ስለማይንሸራተት ዘይት ፍለጋ ወጣሁ። የፒስተን ዘይት ስላቸው «የሞተር ነው የመኪና?» ይሉኛል። «አርባ ልጆች» የተባሉት አርመናውያን ወላጅ አልባዎች የነሐስ ባንድ ሆነው ከኢየሩሳሌም አዲስ አበባ ከገቡ 100 ዓመት አልፏል፣ እኔ ግን ጅማ ውስጥ አንዲት ብልቃጥ ዘይት አጣሁ። በመጨረሻ ልብስ ሰፊ ጓደኛዬ ከስፌት መኪናው ዘይት ቀንሶ ሰጠኝ። ሁለት ቀን እንደ ቅቤ ሄደ። በሦስተኛው ቀን ሦስቱም ፒስተኖች አብረው ተኙ።

ለሻጩ ደወልኩ። «ጋሼ፣ አዲስ ስለሆነ ነው፣ ይለመዳል» አለኝ። ማን ነው የሚለምደው? እኔ ወይስ እሱ?

ያዳነኝ አንድ ጡረታ የወጡ የማርሽ ባንድ ሰው ናቸው። ትራምፔቱን ተቀብለው አልነፉትም። ሁለተኛውን ፒስተን ፈተው አወጡና አሸተቱት። «ይሄ የስፌት መኪና ነው» አሉ። ቀጥለው በአውራ ጣታቸው ጠረግ አድርገው አሳዩኝ፤ ጣታቸው ላይ ግራጫ ጭቃ ነገር ቀረ። ፋብሪካው ፒስተኑን ከቤቱ ጋር ለማስማማት በሚሞርድ ቅባት ይፈትገዋል። ርካሽ ዕቃ ላይ ያ ቅባት በደንብ ሳይታጠብ ይመጣል። በፒስተኑና በቤቱ መካከል ያለው ክፍተት ደግሞ ከፀጉር የቀጠነ ነው። ወፍራም ዘይት ሲጨመርበት ጭቃ ሆኖ ይይዘዋል። እኔ ራሴ ነኝ ያቦካሁት ማለት ነው።

በዚህ አላበቁም። «ከመንፋትህ በፊት ምን ትጠጣለህ?» አሉኝ።

ጅማ ውስጥ ይሄ ይጠየቃል? «ቡና ነዋ!»

«በስኳር?»

ዝም አልኩ። በሁለት ማንኪያ ነው። ስኳሩ ከትንፋሽና ከምራቅ ጋር ገብቶ ቱቦው ውስጥ ይጣበቃል አሉኝ። አሁን ወይ መጀመሪያ እነፋለሁ፣ ወይ አፌን ተጉመጥምጬ እነሳለሁ። ቡናውን እንድተው ግን አልጠየቁኝም፣ እሳቸውም የጅማ ሰው ናቸው።

እሑድ ዕለት ፈታሁት። ለብ ያለ ውሃ፣ ትንሽ ላርጎ። የፈላ ውሃ የላይ ቅቡን ያስነሳዋል፣ እንዳትሞክሩ። ፒስተኖቹ አናት ላይ ያለችው ጨርቅ መሳይ ነገር ውሃ እንዳይነካት ብለውኛል። መጀመሪያ በነጠላ ቁራጭ ወለወልኩትና ክሩን ሁሉ ውስጡ ጥሎብኝ ወጣ፣ እንደገና አጠብኩ። ሁለተኛውን ዙር በአሮጌ አንሶላ አደረግኩት። ውሃው የብረት ድስት እጣቢ መሰለ። ስላይዶቹን (ተንሸራታች ቱቦዎቹን) ቫዝሊን ቀባሁ (ለስላይድ ይሆናል፣ ለፒስተን በጭራሽ)። ሁሉን ገጣጠምኩ፣ አነሳሁ፣ ነፋሁ።

ምንም። አየር እንኳ አያልፍም። ግድግዳ ላይ የምነፋ ነው የመሰለኝ። 24,000 ብሬ ላርጎ ውስጥ ሟሟ ብዬ ተቀመጥኩ። አንድ ሰዓት ያህል አገላበጥኩት። በመጨረሻ የ12 ዓመቷ ልጄ መጣችና «አባዬ፣ ይሄ ላይ 3 ተጽፏል፣ አንተ ግን መጀመሪያ ላይ ነው የከተትከው» አለችኝ። እውነትም ፒስተኖቹ ላይ ቁጥር ተቀርጿል። አንደኛውንና ሦስተኛውን አቀያይሬ ነው የከተትኳቸው፤ ቀዳዳዎቹ ከቱቦው ጋር አልተገናኙም። በየቤታቸው መልሼ፣ ቀጭ እስኪሉ አዙሬ ብነፋው ጮኸ። ልጄ እስካሁን ይህን ለእንግዳ ሁሉ ታወራለች።

ሌላ ጊዜ ደግሞ የውሃ መልቀቂያዋ ቡሽ ወደቀችና ዝቅ ያሉት ድምፆች ሁሉ ሽሽ ይሉ ጀመር። ከጠርሙስ ቡሽ በምላጭ ቆርጬ ለጠፍኩ። ይዛለች።

እውነተኛው ዘይት ከአዲስ አበባ በሰው እጅ መጣ። እንደ ውሃ ቀጭን ነው። ትናንት ማታ ከሚ ወደ ሶል 20 ጊዜ ተመላለስኩ። ሁለተኛው 19 ጊዜ ተነሳ። ያቺን አንዷን ለክረምቱ እርጥበት ሰጥቻታለሁ፤ ቦርሳውም እኮ ሻጋታ አውጥቷል።

ግዙት ትላለህ ወይ ለሚለኝ፣ በተናደድኩበት ቀን ብትጠይቁኝ ኖሮ «ጡብ ግዙበት» እል ነበር። ዛሬ አልሸጠውም። ግን ዘይቱን ሳትይዙ ከሱቁ እንዳትወጡ።

ባለፈው ሳምንት ሻጩ ራሱ ደወለ። ጃፓን ሠራሽ ገብቷል፣ የእኔን መልሼ ልዩነቱን ብከፍል ይሰጠኛል። «ምንም የማይፈልግ ዕቃ ነው ጋሼ።»

«መጀመሪያ ዘይቱን ላክልኝ» አልኩት።

«የምን ዘይት?» አለኝ።