ትንሿ የቤት ቶርኖ እና አሮጌው ባንታም፦ ከወራት ሥራ በኋላ

እስከ መጨረሻው ለማንበብ ጊዜ ለሌለው ሰው ፍርዴን ላስቀድም። ትንሿ ቶርኖ፣ ማለትም ብረት እያዞረች በቢላዋ የምትልጠው ማሽን፣ አሮጌ ሞተር ሳይክል ለሚያድስ ሰው ጥሩ ዕቃ ናት። ግን ከካርቶኗ ስትወጣ ያለቀላት ማሽን አይደለችም። የቀረውን የሚጨርሰው ገዢው ነው።

የማወራው በተለያየ ቀለምና ስም ስለሚሸጠው፣ በኢንች ቁጥሩ «ሰባት በአሥራ አራት» ስለሚባለው መጠን ነው። እስከ 180 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ነገር አልጋዋ ላይ ይዞራል። ርዝመቱ ደግሞ እስከ 350 ሚሊሜትር ገደማ። 40 ኪሎ አካባቢ ስለምትመዝን ሁለት ሰው ጠረጴዛ ላይ ያወጣታል።

የማድሰው ቢኤስኤ ባንታም ዲ1 የተባለውን የእንግሊዝ ሞተር ሳይክል ነው። 125 ሲሲ፣ ባለ ሁለት ምት፣ ባለ ሦስት ማርሽ። ንድፉ በመሠረቱ የጀርመኑ ዲኬደብሊው አርቲ 125 ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ እንደ ካሳ ተወሰደና እንግሊዞች፣ አሜሪካኖችና ሶቪየቶች በየራሳቸው ስም ሠሩት። ያማሃ በ1955 እ.ኤ.አ. ያወጣው የመጀመሪያ ሞተር ሳይክልም የዚሁ ዘር ነው። ባንታም ብዙ ስለተመረተ ፒስተኑም ጓርኒሲዮኑም ዛሬም ይገኛል። ሥራ የሚያስቆመው ትንሹ ዕቃ ነው። አንድ ብሎን፣ አንድ ቡሽንግ (ዘንግ የሚዞርበት የብረት እጅጌ)፣ ማንም የማይሸጠው አንድ ቀለበት።

ብሎኑን እንውሰድ። ባንታም ላይ ካሉት ብሎኖች ብዙዎቹ በኢንች 26 ጥርስ ያላቸው፣ የድሮው የእንግሊዝ የብስክሌት ጥርስ የሚባሉት ናቸው። በሚሊሜትር ሲሰላ በጥርስና በጥርስ መሀል 0.977 ይሆናል። ውፍረቱ ከተቀራረበ ባለ 1 ሚሊሜትር ጥርስ ዳዶ የሚገጥም ይመስላል። ሁለት ሦስት ዙር ይገባል፣ ከዚያ ይጠብቃል። በጉልበት ካሉት የሁለቱንም ጥርስ ልጦ ይጥለዋል። ከእኔ በፊት ሞተር ሳይክሉን የያዘው ሰው ጉልበቱን አልቆጠበም፤ ምስክሩ የተላጡት ብሎኖች ናቸው።

ጥርሱን ራሴ በቶርኖዋ ልቅረጽ ካልኩ፣ የእኔ ማሽን ቢላዋውን የሚጎትተው ረጅም ቪቴ በጥርስና በጥርስ መሀል 1.5 ሚሊሜትር ነው። አብረዋት ከመጡት ጊሮች ባለ 65 እና ባለ 40 ጥርሱን ነጂ፣ ባለ 50 እና ባለ 80ውን ተነጂ ሳደርግ 0.975 ይሰጠኛል። በ10 ሚሊሜትር ርዝመት ላይ ስህተቱ 0.02 ሚሊሜትር አካባቢ ነው፤ ዳዶው አያውቀውም። የጥርሱ ማዕዘንም እንደ ሜትሪኩ 60 ዲግሪ ስለሆነ ያንኑ ቢላዋ መጠቀም ይቻላል። ሌላው የድሮ የእንግሊዝ ጥርስ፣ ዊትዎርዝ፣ ከሆነ ግን 55 ነው፤ ቢላዋው እንደገና መሳል አለበት።

የቢየላው (ፒስተኑን ከክራንኩ የሚያገናኘው ዘንግ) የላይኛው ቡሽንግም እዚሁ ተሠራ፣ ከፎስፈር ብሮንዝ። ተጨንቆ እንዲገባ ከቀዳዳው የዲያሜትሩን አንድ ሺኛ ያህል ወፈር ይላል። 20 ሚሊሜትር ከሆነ 0.02 መሆኑ ነው። ማሽኗ ላይ ያለው የቁጥር ቀለበት ለዚህ አይታመንም፤ በማይክሮሜትር እየለኩ ነው የሚላጠው። ቡሽንጉ ተጨንቆ ሲገባ የውስጡ ቀዳዳ ስለሚጠብ የመጨረሻው ልክ የሚወጣው ከተገጠመ በኋላ በሪመር፣ ቀዳዳ በልኩ በሚያስተካክለው መሣሪያ፣ ነው።

ያልጠበቅኩት ነገር ይህ ነው፦ ከሠራኋቸው ዕቃዎች አብዛኞቹ ሞተር ሳይክሉ ላይ የሉም። ማውጫ፣ መግፊያ፣ ኩሽኔታ ማስገቢያ ናቸው። የባንታም ፍሪሲዮን ለምሳሌ ስፕሪንጎቹን የሚጨቁን ልዩ መሣሪያ ከሌለ መያዣ ቀለበቱ አይወጣም። ከቧንቧ ቁራጭና ከአንድ ረጅም ብሎን አንድ ሰዓት በማይሞላ ጊዜ ተሠራ። በመዶሻና በካቻቢቴ ሲፈታ የተሰነጠቀ የአልሙኒየም ካርተር (የሞተሩ ሽፋን) ያየ ሰው የዚህ መሣሪያ ዋጋ ይገባዋል። እኔ ቶርኖዋን ለመለዋወጫ ብዬ ገዛሁ፣ ያተረፈችኝ ግን በመፍታት ነው።

አሁን ወደ ጉድለቷ። ስትመጣ ወፍራም ግሪስ ተለቅልቃለች፣ ግሪሱ ውስጥ ደግሞ የብረት ብናኝ አለ። ሙሉ በሙሉ ፈትቶ ሳያጥቡ ማስነሳት አይገባም። ቢላዋውን ተሸክመው የሚሄዱት ተንሸራታቾች አንዱ ጋ ይላላሉ፣ ሌላው ጋ ይነክሳሉ፤ በጎን ያሉት ማስተካከያ ብሎኖች በትዕግሥት ይጠበቃሉ። ዋናው እሮሮ ግን ዕቃ ቆርጦ መጣል ላይ ነው። መቁረጫው ቢላዋ ብረቱን ሲነካ ማሽኗ ትንጫረራለች። ፍጥነት ቀንሶ፣ ዘይት አብዝቶ፣ ቢላዋውን አሳጥሮ ማሰር ይረዳል። ለእኔ ከሁሉ የበለጠ ለውጥ ያመጣው የላይኛውን ትንሽ ተንሸራታች አውጥቼ በምትኩ ድፍን የብረት ብሎክ ማሰሬ ነው። ሾጣጣ ቅርጽ ለማውጣት ካልሆነ በቀር ትንሹን ተንሸራታች መልሼ አልገጠምኩትም።

ጭንቅላቷ ውስጥ ያሉት ጊሮች ፕላስቲክ ናቸው። ባለ ስድስት ጎን ብረት ስላጥ፣ ቢላዋው ጠርዝ በጠርዝ እየመታ ሲሄድ፣ አንዱ ጥርሱን ረገፈ። ብዙ ሰው በብረት ጊር ይቀይራል። እኔ ያው ፕላስቲኩን ገጠምኩ፣ ትርፍም ያዝኩ። አንድ ነገር መሰበሩ ካልቀረ ሞተሩን ከሚያዘው ሰሌዳ ይልቅ ጊሩ ቢሰበር እመርጣለሁ።

ቢላዋን በተመለከተ፣ ካርባይድ (በጣም ጠንካራው የቢላዋ ዓይነት) ፍጥነትና የማይርገበገብ ማሽን ይፈልጋል፤ እሷ ሁለቱም የሏትም። በእጅ የተሳለ የሃይ ስፒድ ስቲል (የመሣሪያ ብረት) ቢላዋ ይበልጥ ይስማማታል። ለአልሙኒየም ግን ስለታሙ፣ የተወለወለው ካርባይድ መስታወት የመሰለ ገጽ ያወጣል።

የማትችለውንም ልንገራችሁ። ራጂ የተወጠረበትን ጎማ አስሮ የፍሬን ታምቡር መላጥ አይታሰብም። ሲሊንደር ማስፋትም ለትልቅ ማሽን ቤት ነው የሚሰጠው፤ እኔም እዚያ ነው የላክሁት። የጎማ ፔርኖና የፍሬን ዘንግ ደግሞ አቅሟ ቢፈቅድም ምንነቱ ካልታወቀ ቁርጥራጭ ብረት አልሠራም። ከአሮጌ ፕሪንተር የሚወጡት ዘንጎች ለስፔሰርና ለመግፊያ ግሩም ናቸው፣ ሰው ለሚሸከም ዕቃ ግን አይሆኑም።

ለመግዛት ያሰበ ሰው ለማሽኗ ከሚመድበው ገንዘብ ሌላ ለማይክሮሜትር፣ ቶሎ ለሚቀያየር ቢላዋ መያዣና ለጥሩ መሞረጃ ይያዝ። ጓንት ግን የሚዞር ነገር አጠገብ አይደረግም፣ የቸኩም (ብረቱን ነክሶ የሚያዞረው መያዣ) ቁልፍ ከእጅ ሲወጣ ቸኩ ላይ አይቀርም። ሰፊ ወለልና ጠንካራ ጓደኞች ያሉት ሰው ያገለገለ ትልቅ ቶርኖ ቢፈልግ ይሻለዋል። ጠረጴዛ ብቻ ላለን ምርጫችን እሷ ናት።