ማስጠንቀቂያ ለዊንቸስተር ገዢዎች፦ የፋብሪካ ደብዳቤውን ሻጩ እንዲያነብላችሁ አትፍቀዱ

ባለፈው ቅዳሜ ኦክላሆማ ውስጥ በተካሄደ የጠመንጃ ትርዒት ላይ 6,400 ዶላር በጥሬው ቆጥሬ አንድ የ1873 ሞዴል ዊንቸስተር ገዛሁ። ዛሬ ማክሰኞ ነው። ጠመንጃው ሻጩ የነገረኝ ጠመንጃ አለመሆኑን ካወቅሁ ሦስት ቀን ሆኖኛል፤ ንዴቴ ግን አልበረደልኝም። እስኪበርድልኝ ልጠብቅ ብል ደግሞ ሰውየው በሚቀጥለው ትርዒት እዚያው አዳራሽ ውስጥ ጠረጴዛውን መዘርጋቱ፣ ከዳላስና ከአካባቢዋ ከምንሄደው አበሾች አንዱም እጁ ላይ መውደቁ የማይቀር ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ የጻፍሁት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ስሙን ባልጠራውም ሻጩን ታውቁታላችሁ። በየትርዒቱ አንድ አይጠፋም፤ አረንጓዴ ጨርቅ አንጥፎ ጠመንጃዎቹን እርስ በርሳቸው ሳያነካካ የደረደረ፣ ዋጋ የማይለጥፍ፣ ዋጋ ስትጠይቁት መልሱን ትቶ ስለ አገራችሁ የሚጠይቃችሁ፣ ከዚያም “ይህ ከአንድ ከብት አርቢ ቤተሰብ የወጣ ነው፤ አያትየው ከሞቱ ወዲህ ማንም አልነካውም” የሚላችሁ ሰው ነው። በ1898 ወይም ከዚያ በፊት የተሠራ ጠመንጃ በ1968ቱ የፌዴራል ሕግ እንደ ጥንታዊ ዕቃ ስለሚቆጠር፣ የነጋዴ ፈቃድም የሚሞላ ቅጽም የለም፤ ገንዘቡ ይቆጠራል፣ ዕቃው ይነሣል። ይህ ነጻነት ለእኛ ለሰብሳቢዎች ደስ የሚል ነገር የሆነውን ያህል፣ ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ደግሞ ጥሩ መሸሸጊያ ሆኖለታል።

እኔ ያደግሁት አያቴ ቤት ግድግዳ ላይ ውጅግራ ተሰቅሎ እያየሁ ነው። ስሙ “ፉዚል ግራ” ከሚለው የፈረንሳይኛ ስያሜ የመጣ መሆኑን ያወቅሁት እንኳ አሜሪካ ከመጣሁ በኋላ ነበር። ውጅግራ አንድ ጥይት ተኩሶ እንደገና መጉረስ አለበት፤ በዚያው ዘመን ግን ኮኔቲከት ውስጥ ኒው ሄቨን ላይ የሚሠራው ዊንቸስተር ከበርሜሉ ሥር ባለው ቱቦ 15 ጥይት ይዞ፣ ማቀባበያውን ወደ ታች ገፍቶ በመመለስ ብቻ እየጎረሰ ይተኩስ ነበር። ከ1870ዎቹ መጨረሻ ጀምሮም የሽጉጥ ፋብሪካው ኮልት ሽጉጡን ለዚያው 44-40 ለሚባለው ጥይት መሥራት ስለጀመረ፣ አንድ ፈረሰኛ ለጠመንጃውም ለሽጉጡም አንድ ዓይነት ጥይት ታጥቆ መጓዝ ቻለ። ይህን ጠመንጃ ለመግዛት አራት ዓመት ገንዘብ አጠራቅሜያለሁ። 1873ቱ ከ720,000 በላይ የተሠራ በመሆኑ ማግኘቱ አይቸግርም፤ የሚቸግረው ከፋብሪካ እንደወጣ የቆየውን ማግኘት ነው። እኔም የፈለግሁት እንዲህ ያለውን ነበር፤ ሻጩም ይህንኑ ከአፌ ሰምቷል።

አሁን የሆነውን ልንገራችሁ።

ጠመንጃውን አንሥቶ በሁለት እጄ ላይ አኖረልኝና “አቀባብለው” አለኝ። ማቀባበያውን ወደ ታች ገፋሁት፤ የላይኛው ክዳን ወደ ኋላ ተንሸራተተ፤ የናሱ ጥይት ማንሻ ከሆዱ ውስጥ ብቅ አለ፤ ስመልሰውም ቀጭ ብሎ ገጠመ። በርሜሉ ስምንት ማዕዘን ነው፤ ምላጩም ተጨማሪ ዋጋ የሚያወጣውና በቀላሉ የሚሳበው “ሴት ትሪገር” (set trigger) ነው። እኔ ይህን እያደረግሁ ሳለ ሰውየው ከጠረጴዛው ሥር ቡናማ ፖስታ አወጣ። ዋዮሚንግ ውስጥ ኮዲ ከተማ ያለው ሙዚየም ከዊንቸስተር የፋብሪካ መዝገብ ላይ አውጥቶ የሚጽፈው ደብዳቤ ነበር። እጄን ልዘረጋ ስል “እጅህ ተይዟል፤ እኔ ላንብብልህ” አለኝ። ይህን ያለበት ድምፅ አሁንም በጆሮዬ አለ፤ የደግ ሰው ድምፅ ነበር።

ወረቀቱን ፊቱ ላይ ዘረጋው። የግራ አውራ ጣቱ ወረቀቱ መሀል ላይ አርፋለች። የተከታታይ ቁጥሩን አንድ በአንድ አነበበ፤ እኔም ከምላጩ በስተኋላ ከሰደፉ ጋር በሚጋጠመው ብረት ላይ የተመታውን ቁጥር በዐይኔ እየተከተልሁ አመሳከርሁ፤ አንድም አልተዛነፈም። “ዓይነት፣ ሪፍል። ካሊበር፣ 44” አለ፤ ካሊበር የጥይቱ መጠን ነው። ከዚያ ቆም አለና ዐይኑን ከወረቀቱ አንሥቶ አየኝ። “መጋዘን የገባው ኤፕሪል 1882! ጄሲ ጄምስ የተገደለበት ወር መሆኑን ታውቃለህ?” አለኝ።

አውቃለሁ። ታዋቂው ሽፍታ ኤፕሪል 3፣ ሚዙሪ ውስጥ፣ ሴንት ጆሴፍ ላይ ነው የተገደለው፤ ቀኑንም ከተማውንም መምህሩ ጥያቄ እንደጠየቀው ተማሪ ፈጥኜ ነገርሁት። “አንተስ ዕቃውን የምታውቅ ሰው ነህ” ብሎ ትከሻዬን መታ አደረገኝ፤ ወረቀቱን አጥፎ ፖስታው ውስጥ ከተተ፤ ፖስታውን ከጠመንጃው ጋር በጨርቅ ጠቀለለልኝ። በካሊበሩና በመጋዘኑ ቀን መካከል ሁለት መስመር ነበር። አውራ ጣቱ ያረፈችው እነዚያ ሁለት መስመሮች ላይ ነው።

ማታ ቤቴ ገብቼ ሁላችንም ጋሼ ለምንላቸው አዛውንት ሰብሳቢ ደወልሁላቸውና ደስታዬን ነገርኋቸው። “ደግ፤ እስቲ ደብዳቤውን ከላይ እስከ ታች አንብብልኝ፤ ምንም እንዳትዘል” አሉኝ። ወጥ ቤት ቆሜ ማንበብ ጀመርሁ። “ካሊበር፣ 44። የበርሜል ዓይነት፣ ክብ። የምላጭ ዓይነት፣ ተራ።” ክብ የሚለውን ቃል ከገዛ አፌ ሲወጣ ሰማሁት። ስምንት ማዕዘኑ በርሜል ከፊቴ ጠረጴዛው ላይ ተጋድሟል። ጋሼ ጥቂት ዝም አሉና “ለጥገና ወደ ፋብሪካው ተመልሶ ነበር የሚል ነገር አለው?” ብለው ጠየቁኝ፤ መዝገቡ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ካለ ደብዳቤው ስለሚጠቅሰው ነው። የለም። “እንግዲያ በኋላ የተቀየረ ነው፤ በርሜሉም ምላጩም” አሉኝ።

ሌሊቱን እንቅልፍ በዐይኔ አልዞረም። ጎህ ሲቀድ ጠመንጃውን መስኮቱ ሥር አድርጌ በማጉያ መነጽር አየሁት፤ አዳራሹ ውስጥ ላየው ይገባኝ የነበረውን ሁሉ ያን ጊዜ አየሁ። በጎኑ ብረት ላይ ዝገት የበላቸው ጥቃቅን ጉድጓዶች አሉ፤ ጥቁር ሰማያዊው ቀለም ግን እስከ ጉድጓዶቹ ወለል ድረስ ገብቶ ያብለጨልጫል። ብረቱ መጀመሪያ ከዛገ በኋላ እንደገና ካልተቀለመ በቀር እንዲህ ሊሆን አይችልም። በርሜሉ ላይ ካለው ጽሑፍ የ1866 እና የ1860 የፈጠራ መብት ቀኖች ፊደላቸው በሞረድ ተልጎ ጠርዛቸው ሟሟል። የብሎኖቹ የአናት ስንጥቅ በማይገባ ካቻቢቴ ተፍቆ ቆስሏል፤ ቁስሉም በአዲሱ ቀለም ተሸፍኗል። የዋልነቱ እንጨት ደግሞ በብርጭቆ ወረቀት እጅግ ከመፋቁ የተነሣ ከብረቱ ዝቅ ብሏል፤ ጣቴን ሳሳልፍበት የብረቱ ጠርዝ ይይዘኛል።

እሑድ የሦስት ሰዓት መንገድ ነድቼ ወደ ትርዒቱ ተመለስሁ። ረዳቱ ሳንድዊች እየበላ ነበር፤ ጠመንጃውን ጨርቁ ላይ ሳኖር ቀና ብሎም አላየኝ። ሰውየው መጣ፤ በርሜሉን አሳየሁት፤ ደብዳቤውንም ዘረጋሁለት። አልደነገጠም፤ አልካደምም። “ደብዳቤውን በእጅህ ሰጥቼሃለሁ፤ ሁሉም ነገር እዚያ ላይ ተጽፏል። እናንተ ሰዎች አታነቡም እንዴ?” አለኝ። ረዳቱ እያላመጠ ሳቀ። “እናንተ ሰዎች” ያለው ማንን እንደሆነ አልጠየቅሁትም፤ መልሱን መስማት አልፈለግሁም። ገንዘቤን እንዲመልስልኝ ስጠይቀው ከጠረጴዛው ጥግ፣ ቅዳሜ በአንድ የጥይት ሣጥን ተከልላ የነበረች “የተሸጠ አይመለስም” የምትል ካርድ ወደ እኔ ገፋ አደረጋት፤ ከዚያም ጀርባውን ሰጠኝ።

ከገንዘቡ ይልቅ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። ሰውየው በሐሰት ወረቀት አላታለለኝም፤ ደብዳቤው እውነተኛ ነው፤ ቁጥሩም እውነተኛ ነው፤ ማታለያው እውነቱን ራሱን በእጄ ማስጨበጡ ነበር። እኔ ደግሞ የመድኃኒት ባለሙያ ነኝ። 11 ዓመት ሙሉ ሐኪም የጻፈውን ማዘዣ፣ ሐኪሙ ራሱ በስልክ ቢያነብልኝ እንኳ፣ በዐይኔ ሳላይ አንድ ክኒን ከመደርደሪያ አውርጄ አላውቅም። ለማላውቀው ታካሚ የማደርገውን ጥንቃቄ ለአራት ዓመት ጥሪቴ ነፈግሁት፤ ያውም አንድ ሰው ስለ ጄሲ ጄምስ ስለጠየቀኝና ዐዋቂ ስላለኝ። ጋሼ ጠመንጃውን ሰኞ መጥተው አዩት፤ በዚህ ሁኔታው ከ2,000 ዶላር በላይ እንደማያወጣ ነገሩኝ፤ እኔን ላለማሳዘን ከፍ አድርገው የገመቱ ይመስለኛል።

እንግዲህ ለምትሄዱ ሁሉ፦ ጠመንጃውን ጠረጴዛው ላይ መልሳችሁ አኑሩና ደብዳቤውን ከሻጩ እጅ ተቀብላችሁ እያንዳንዱን መስመር ከብረቱ ጋር አመሳክሩ። ኮፒ ከሆነ ወይም “ደብዳቤ የለውም” ከተባላችሁ ተከታታይ ቁጥሩን ይዛችሁ ኮዲ ካለው ሙዚየም ራሳችሁ በክፍያ ጠይቁ። ሻጩ መልሱ እስኪመጣ አልጠብቅም ካለ ትታችሁት ሂዱ። አጉሊ መነጽር ኪሳችሁ ውስጥ ይኑር፤ መጀመሪያ የምታዩትም የዝገቱ ጉድጓድ ይሁን። የጠረጴዛውን ቦታና የሰውየውን መልክ ማወቅ የሚፈልግ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፤ እነግረዋለሁ።