ማሽኑ ዜሮ ቢያሳይም መሪው ሲንቀጠቀጥ፦ አራት ጎማዎች በሃይሉክስ ላይ ከመስከረም እስከ ነሐሴ

ባለፈው መስከረም መጨረሻ ለደብል ጋቢና ቶዮታ ሃይሉክሴ አራት አዳዲስ ጎማዎች ገዛሁ። መጠናቸው 265/65 አር 17 ሲሆን ጥርሳቸው ለአስፋልትም ለፒስታም እንዲሆን የተሠራ ነው። አሁን ነሐሴ ላይ ነን። በእነዚህ ወራት መኪናው ምርጥ ዘርና የእንስሳት መድኃኒት ጭኖ ከአዳማ ወደ ኢተያ፣ አሰላና ቦቆጂ፣ ባዶውን ደግሞ በፈጣን መንገዱ ወደ አዲስ አበባ ሲመላለስ ከርሟል። ስለ ጎማዎቹ ጥንካሬም የምለው አለኝ። አብዛኛውን ቦታ የምሰጠው ግን ለመሪው መንቀጥቀጥ ነው፤ ብዙ የፒክአፕ ባለቤቶች በዚህ አንድ ችግር የተነሳ ያልተበላሸ ዕቃ ሲያስቀይሩ አያለሁና፣ ነገሩ ያናድደኛል።

ጎማዎቹ ተገጥመው ወደ አዲስ አበባ ስወጣ መሪው በእጄ ላይ መርገብገብ ጀመረ። በሰዓት 85 ኪሎ ሜትር ላይ ይጀምራል፣ 95 ላይ ይብሳል፣ ከ110 በላይ ይጠፋል። በ2007 ዓ.ም. መግቢያ የተመረቀው የአዲስ አበባ–አዳማ ፈጣን መንገድ ለእንዲህ ያለው ምርመራ የሚመች ነው፤ ለስላሳ በመሆኑ አንድ ፍጥነት ላይ ረግቶ መቆየት ይቻላል፣ የሚሰማው መንቀጥቀጥም ከመንገዱ ሳይሆን ከመኪናው ነው።

በተወሰነ ፍጥነት ላይ ብቻ የሚመጣ መንቀጥቀጥ ምክንያት አለው። የእኔ ጎማ አንድ ጊዜ ሲዞር 2.4 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር ላይ በሰከንድ አሥር ጊዜ ያህል ይዞራል ማለት ነው። ጎማው የተገጠመበት ብረት፣ ማለትም ቸርኬው፣ ጠርዝ ላይ 50 ግራም ትርፍ ክብደት ቢኖር በዚያ ፍጥነት አራት ኪሎ ተኩል የሚጠጋ ጉልበት ሆኖ ጎማውን በየዙሩ ይጎትተዋል። ፍጥነቱ በግማሽ ሲቀንስ ጉልበቱ ወደ ሩብ ስለሚወርድ ከተማ ውስጥ ምንም አይሰማም። መሪውና የፊት እግሩ ደግሞ የራሳቸው የመወዛወዝ ምት አላቸው፤ የጎማው ዙር ከዚያ ምት ጋር ሲገጥም መሪው ይነቃነቃል፣ ሲያልፈው ይረጋጋል። ከ110 በላይ መረጋጋቱ ግን ችግሩ ተወግዷል ማለት አይደለም። ጉልበቱ እንዲያውም ጨምሯል፤ ጎማው የሚዞርበትን ኩሽኔታና የመሪውን መገጣጠሚያዎች መምታቱን ይቀጥላል።

ስለዚህ መኪናውን ለማንም ከመስጠት በፊት «መቼ ነው የሚንቀጠቀጠው?» የሚለውን ጥያቄ ባለቤቱ ራሱ ይመልስ። ፍሬን ሲያዝ ብቻ ከሆነ የፍሬኑ ዲስክ ይታያል። ነዳጅ ሲረገጥ የሚመጣና ሲለቀቅ የሚቀንስ ከሆነ፣ በተለይም ጭነት ተጭኖ ሲነሱ ከሆነ፣ ከካምቢዮ ወደ ኋላ ኃይል የሚያደርሰው ዘንግና መገጣጠሚያው፣ ማለትም ክሮቸራው፣ ይመረመራሉ። በተወሰነ ፍጥነት ላይ፣ ነዳጅ ተረገጠም ተለቀቀም ሳይለወጥ የሚመጣ ከሆነ ግን መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት ጎማውና ቸርኬው ነው። መሪው ላይ ከተሰማ የፊት ጎማ፣ ወንበሩና ወለሉ ላይ ከተሰማ የኋላ ጎማ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። አላይመንት፣ ማለትም የጎማዎቹን አቅጣጫ ማስተካከል፣ ከዚህ ሁሉ ውስጥ የለበትም። አላይመንቱ የተዛባ መኪና ወደ አንድ ወገን ይስባል፣ ጎማውን በአንድ ጠርዝ ይበላል እንጂ በ95 ላይ መሪ አያርገበግብም። መሪ ተንቀጠቀጠ ሲባል ወዲያው «አላይመንት እንሥራ፣ ቴስቲና እንቀይር» የሚል ባለሙያ ገና ምንም አልመረመረም። ቴስቲና መሪውን ከፊት ጎማ ጋር የሚያያይዘው መገጣጠሚያ ነው፤ ሲያረጅ ትንሹን የጎማ ሚዛን ጉድለት አጉልቶ ወደ መሪው ማድረሱ እውነት ነው፤ ምንጩ ግን ጎማው ነው።

ጎማውን ወደ ገጠመው ጎሚስታ ተመለስኩ። ወጣቱ ትሑትና ታታሪ ነው። ሁለቱንም የፊት ጎማዎች ፈትቶ ክብደታቸው ዙሪያውን እኩል እንዲሆን በማሽን እንደገና ባላንስ አደረጋቸውና «ጋሼ፣ ይኸው ማሽኑ ዜሮ ብሏል፤ ጎማው ጤነኛ ነው» አለኝ። መንገድ ላይ ስወጣ መንቀጥቀጡ እንደነበረ ነው።

ዜሮ የሚለው ቁጥር ዋጋ የሚኖረው ጎማው ማሽኑ ላይ በትክክል መሀል ከተቀመጠ ብቻ ነው። የሃይሉክስ ቸርኬ የመሀል ቀዳዳ 106 ሚሊ ሜትር ያህል ስፋት አለው፤ ለትናንሽ የቤት መኪናዎች በሚበቃው ኮን (ቸርኬውን ማሽኑ ላይ መሀል በሚይዘው ሾጣጣ ብረት) ከታሰረ ሳይታወቅ ወደ ጎን ይሸሻል። ቀዳዳው ዙሪያ የደረቀ ጭቃ ወይም ዝገት ካለም እንዲሁ። ማረጋገጫው ቀላል ነው፦ ማሽኑ ዜሮ ካለ በኋላ ጎማውን አላልቶ፣ ግማሽ ዙር አዙሮ፣ እንደገና አስሮ ማሽከርከር። አሁንም ዜሮ ካለ አቀማመጡ ትክክል ነው፤ 30 ወይም 40 ግራም ጨምር ካለ ግን የመጀመሪያው ዜሮ እውነት አልነበረም። ይህን ወጣቱን ጠየቅሁት፤ ሳይከፋው አደረገው። በእኔ መኪና ቁጥሩ አልተለወጠም። እንግዲህ ሚዛኑ ልክ ነበር፤ መንቀጥቀጡ ግን አለ።

ቀጥሎ ያደረግነው የፊትና የኋላ ጎማዎችን ማቀያየር ነበር። ማንኛውም ሰው ክሪክና የዳዶ መፍቻ ካለው ቤቱ ደጃፍ ላይ ሊያደርገው ይችላል፤ ከብዙ መሣሪያ የበለጠ ይናገራልም። የግራ ፊቱ ጎማ ወደ ኋላ ሲሄድ መሪው ጸጥ አለ፣ መንቀጥቀጡ ወደ ወንበሩ ተዛወረ። ችግሩ ከጎማው ጋር አብሮ ሄደ ማለት ነው። በዚህች ሰዓት ቴስቲናውም፣ ኩሽኔታውም፣ ዲስኩም ነጻ ወጡ።

ያን ጎማ በክሪክ አንሥተን ከጥርሱ ፊት የቆመ ሽቦ አስጠግተን ቀስ ብለን አዞርነው። በአንድ በኩል ጎማው ሽቦውን ሊነካ ይደርሳል፣ በሌላው በኩል ከሦስት ሚሊ ሜትር በላይ ይርቃል። ክብ አልነበረም። ምክንያቱ ቸርኬው አጠገብ ታየ። በእያንዳንዱ ጎማ ጎን፣ ከቸርኬው ጠርዝ ከፍ ብሎ፣ ዙሪያውን የሚሄድ ቀጭን መስመር በፋብሪካ ይሠራል። የመስመሩ ከጠርዙ ያለው ርቀት ዙሪያውን እኩል መሆን አለበት። በእኔ ጎማ ላይ መስመሩ በአንድ ወገን ጠልቆ ጠርዙ ውስጥ ሊገባ ደርሷል። ሲገጠም ጎማው በዚያ በኩል ቸርኬው ላይ ተስቦ አልተቀመጠም ማለት ነው። ፈትል ወደ አንድ ጎኑ እንደተጠመጠመበት እንዝርት፣ ዘንጉ ቀጥ ብሎ እያለ የሚዞረው አካል መሀሉን ስቷል። የባላንስ ማሽን ደግሞ ጎማውን አየር ላይ አንጠልጥሎ ስለሚያዞር የሚያየው ክብደትን ብቻ ነው። መንገድ ላይ የመኪናው ሸክም ሲያርፍበት ግን ከፍ ያለው ጎን በየዙሩ አክስሉን ወደ ላይ ይገፋዋል፤ ይህን ለሚዛን ቸርኬው ላይ የሚለጠፍ የትኛውም የእርሳስ ክብደት አያስተካክለውም። ጎማውን መሬት ላይ እንዳለ የሚጫን ሮለር ያላቸው ማሽኖች ይህን ይለዩታል፤ በየሠፈሩ የሚገኙት ግን አይለዩትም።

መፍትሔው ገንዘብ አልጠየቀም። ወጣቱ ነፋሱን አወጣ፣ ጎማውን ከጠርዙ አላቀቀ፣ ቸርኬውን በብረት ብሩሽ አጸዳ፣ ዙሪያውን የሳሙና ውኃ ቀባ፣ እንደገና ነፋስ ሞላ። ጎማው ሁለት ጊዜ ድምፅ እያሰማ ቦታው ላይ ገባ። መስመሩ እኩል መሆኑን ዙሪያውን አይተን እንደገና ባላንስ አስደረግን። ከዚያ ወዲህ እስከ 120 ድረስ መሪውን በሁለት ጣት ይዤ እሄዳለሁ። ወጣቱም አሁን የሚገጥመውን ጎማ ሁሉ መስመሩን ሳያይ አይለቅም፤ ይህ በጣም ደስ አሰኝቶኛል።

በክረምቱ መንቀጥቀጡ አንድ ጊዜ ተመለሰ፤ ያን ጊዜ ጥፋተኛው መረሬው ነበር። ጥቁሩ ጭቃ በቸርኬው ውስጠኛ ጎን ተለጥፎ ሌሊት ይደርቅና ማለዳ አስፋልት ላይ ሲወጣ አንድ ወገን ከብዶ ይገኛል። ከውጭ ታጥቦ የሚያበራ መኪና ከውስጥ ግን ጭቃውን ተሸክሞ ሊሆን ይችላል። ቱቦውን ወደ ውስጥ አስገብቶ በእንጨት እየፋቁ ማጠብ ይበቃል። ሲታጠብ ግን የተለጠፉት እርሳሶች አብረው እንዳይነሱ መመልከት ያሻል፤ ወድቀው ከሆነ የነበሩበት ቦታ አራት ማዕዘን ንጹሕ ምልክት ሆኖ ይታያል። ጎማ ሲበሳም ከቸርኬው ከመውጣቱ በፊት በቫልቩ ትይዩ ጎማው ላይ በጠመኔ ምልክት አድርጉ፤ በነበረበት ካልተመለሰ ባላንሱ ይፈርሳል። ያለ ውስጥ ላስቲክ በሚሠራው ቱብለስ ጎማ ውስጥ ላስቲኩን (ከመነዳሪ) ማስገባት ደግሞ ሚዛኑን ያዛባል፣ በረጅም መንገድም ጎማውን ያሞቀዋል፤ እኔ በጭራሽ አልስማማበትም።

ስለ ጎማዎቹ ራሳቸው፦ ጭቃ ላይ ይዞታቸው እጅግ ጥሩ ነው፤ ከዋናው መንገድ ወደ ገበሬ ማኅበራቱ በሚያስገቡት መንገዶች አንድም ቦታ አልጣሉኝም። ጥርሳቸው ከ10 ሚሊ ሜትር ወደ 7.5 ወርዷል፤ ለዚህ ሸክም መጥፎ አይደለም። ከ80 በላይ ያለማቋረጥ ያጓራሉ፤ ጭነት በሌለው ጉዞ ይህ ያደክማል። ቦቆጂ ብርድ ላይ ባደሩ ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ኪሎ ሜትሮች ትንሽ ይንገጫገጫሉ፤ ሌሊት በቆሙበት በኩል ስለሚጠፈጠፉ ነው፣ ሲሞቁ ይጠፋል። ለአስፋልት ብቻ የሚነዳ ሰው ሌላ ዓይነት ይግዛ። እንደ እኔ ገጠርን ለሚያዘወትር ግን አሁንም እነዚህኑ እመርጣለሁ።

ሰሞኑን ከአሰላ ወደ አዳማ ቁልቁል ስወርድ ፍሬን ስይዝ ብቻ መሪው መምታት ጀምሯል። ይህ ከጎማ አይደለም። የዲስኩ ውፍረት ዙሪያውን እኩል አለመሆኑን ይጠቁማል፤ ዳዶዎች በአየር መፍቻ በየተራ ሳይሆን በዘፈቀደ ሲጠብቁ ዲስኩ ወደ ጎን ይዛባና በጊዜ ብዛት ይህንኑ ያመጣል። ስለዚህ ዳዶዎቹን እንደ ኮከብ ቅርጽ እያቀያየርኩ የማጥበቂያውን ልክ በሚያሳይ መፍቻ እንደገና አጥብቄአቸዋለሁ። በሚቀጥለው ሳምንት ዲስኮቹን በማይክሮሜትር አስለካለሁ። ዲስኩ ላይ ከተጻፈው ዝቅተኛ ውፍረት በላይ ከሆኑ ቶርኖ ቤት አስልጣቸዋለሁ፤ ካልሆነ የግራውንም የቀኙንም አንድ ላይ አስቀይራለሁ።